የሐረጊቱ ከረጢቶች

በመስከረም ወር አንድ ማለዳ ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ከደጅ ጩኸት ሰማሁ። የልጄ የሄሊና ድምፅ ነው።

"እማ! እማ! ቶሎ ነይ!"

እባብ ነው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ነገራ ደግሞ አካፋ ይዞ ተከተለኝ። ስንደርስ ልጅቷ በሌሊት ልብሷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አጥራችን ላይ የወጣ አበባ ታያለች።

"እባቡስ?" አላት ነገራ።

"የምን እባብ? አባዬ፣ ይሄን እየው እስኪ!"

ነገራ አካፋውን ተደግፎ አየና "ሂዳ ነው" አለ። በኦሮምኛ ሐረግ ማለቱ ነው። "ድሮ ማሳችንን የሚያስቸግረን። እኔም አባቴም ስንነቅለው ነው የኖርነው።"

"ስትነቅሉት? ማሳው የታል አሁን?"

ነገራ በአካፋው ወደ ፎቆቹ አሳያት። እዚህ ለሚ ኩራ ድሮ ጤፍ የምንዘራበት መሬት ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው ያለው። የኔ ምስር ማሳ የነበረችው ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሆናለች። ሄሊና ፎቆቹን አየች፣ ሐረጉን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሄሊና የምትሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደረቀ ዕፅዋት የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ሰው "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ "ቅጠል ታደርቃለች" እላለሁ። ከዚያ ሰዉ ጠጋ ብሎ "ለጨጓራ የሚሆን ይኖራት ይሆን?" ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ስለ ባል ስትጠየቅ ስለ ቅጠል ነው የምትመልሰው። እኔም ለእመቤቴ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረጊቱ የቤታችን ሰው ሆነች። ሄሊና በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች ትለካታለች፣ ፎቶ ታነሣታለች፣ ያየችውን ጮክ ብላ ስልኳ ላይ ትቀዳለች። እኔም ወደ ኪዳን ስወጣ ቆሜ አያለሁ፤ ዝም ማለት አልችልምና እጨምርላታለሁ።

"ግንዷ ቀጭን፣ ተጠምጣሚ" ትላለች ሄሊና።

"ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የምትጠመጠመው" እላለሁ እኔ። እውነቴን ነው። አንድ ቀን ልፈትናት ብዬ ጫፏን ቀስ አድርጌ በግልባጩ አዞርኳት። በማግስቱ ራሷን ፈትታ እንደ ልማዷ ተጠምጥማለች። "አባትሽን ነው የምትመስለው" አልኳት ሄሊናን። ነገራ ከውስጥ "ሰምቻለሁ!" አለ።

"ቅጠሏ የልብ ቅርፅ ያለው፣ ከሥሩ ጠጉራም።"

"እንደ ጥጃ ጆሮ በይ።"

"እማ፣ እንደሱ አይባልም።"

"ለምን አይባልም? ጥጃ የነካ ሁሉ ይገባዋል።"

አበባዋን ግን እኔም ዝም ብዬ ነው ያየሁት። እንቡጧ እንደ ታጠፈ የታቦት ጥላ ተጠቅልላ ነው የምታድረው። ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ቀስ እያለች ትፈታለች፤ ዓይንሽን ሳትነቅይ ካየሻት ስትዞር ታያታለሽ። ተከፍታ ስታልቅ ነጭ ጥሩንባ ናት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም አለ፣ ልክ ትንሽ ጠጅ ቀምሳ የደበቀች ይመስል። አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲበረታ ትጨማደዳለች፣ አለቀ፣ ደግማ አትከፈትም። ለአንድ ጠዋት ይሄን ሁሉ ማልበስ! የእግዚአብሔር ነገር ይገርመኛል።

"የስኳር ድንች ዘመድ ናት" አለችኝ ሄሊና አንድ ቀን።

"ታዲያ ድንቹ የታለ?"

"ዘመድ ነው ያልኩሽ እማ! አንቺ ከነእትዬ ሙሉ ጋር ዘመድ አይደለሽ? እንደሳቸው ትዘፍኛለሽ?"

ወደ ኪዳኔ ሄድኩ።

ጭንቀቷ ግን ዘሩ ነበር። "ቅጠሏም አበባዋም ከሌላ ከምናውቃት ሐረግ ጋር ይመሳሰላል" አለችኝ። "የሚለያቸው ዘሩ ነው። ዘሯ የተለየ ከሆነ እስከ ዛሬ ማንም መዝግቧት የማያውቅ ዝርያ ናት። ዘሯን ካላየሁ ግን አፌን መክፈት አልችልም።" ሌላ ቦታ ታገኝ እንደሆነ ብላ ደግሞ ከኮተቤ እስከ አያት፣ ከሳሊተ ምሕረት እስከ ወንዙ ዳር አጥር ለአጥር ስትዞር ከርማለች። አንድ ዘበኛ ሌባ ናት ብሎ ሊያስይዛት ነበር። የለም። ያለችው የኛዋ ብቻ ናት።

ፍሬው ሲደርቅ ደግሞ ድንገት ፈንድቶ ዘሩ ይበተናል፤ ከአፈር ተለቅሞ አይገኝም። ስለዚህ ፍሬዎቹ ሳይደርቁ ከረጢት ሊለብሱ ነው። "አየር የሚያስገባ ስስ ጨርቅ" አለች ሄሊና። እኔ ያረጀ ነጠላ ነበረኝ፣ ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ። ቆራረጥኩትና አውራ ጣት የሚያህሉ ትናንሽ ከረጢቶች ሰፋሁ። አፋቸውን የምቋጥርበት ክር ሳጣ የክር ጣሳዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተጠቀምኩ፤ ቀዩንም፣ ጥቁሩንም፣ ሰማያዊውንም። በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ አለበስኩና "በስመ አብ" ብዬ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩ። ሲያልቅ አጥራችን ጥምጣም ያሰሩ ሕፃናት የተሰለፉበት መሰለ። ደስ አለኝ።

አሁን ጎረቤቴን ሲቲን ላስተዋውቃችሁ። ሲቲ የወሎ ልጅ ናት። ከኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ሱቅ የእሷ ነው፤ ልጇ ጣሃ ደግሞ ከሰፈራችን ላምበረት ታክሲ ይነዳል። እሷና እኔ አንድ ወግ አለን። በኢድ እሷ መስጊድ ስትሄድ ደጇን እኔ እጠርጋለሁ። በኅዳር ሚካኤል፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ እኔ ንግሥ ላይ ስለምሆን የኔን ደጅ እሷ ትጠርጋለች። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ እንዲሁ ይደረጋል። በጥቅምት ግን ሲቲ እናቷን ልትጠይቅ ሐይቅ ሄዳ ከርማ የመጣችው በሚካኤል ዋዜማ ማታ ነው። የከረጢቱን ወሬ ማንም አልነገራት።

የሚካኤል ዕለት ታቦት አንግሠን፣ እልል ብለን፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ወደ ቤት ስመለስ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኗል። ገና ከሩቅ ሳየው አጥሬ ራቁቱን ቆሟል። ቆርቆሮው ብቻ። ሐረግ የለም፣ ከረጢት የለም።

ሲቲ ከሱቋ ወጥታ እጄን ያዘችኝ። ፊቷ ጥላሸት ነክቶታል።

"ብዙዬ፣ ነይ ወዲህ። ቁጭ በይ። ውኃ ጠጪ።"

"ሲቲ፣ ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም። ሊሞት ነበር። ጠላትሽ ማነው?"

"የምን ጠላት?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ!" ግራና ቀኝ አየች። "አጥርሽ ላይ መተት ሰቅለውብሻል። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ነጭ ጨርቅ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ፣ በቀይ ክር፣ በጥቁር ክር! አንዱን ነካ ሳደርገው ውስጡ ኮሽ ይላል። አዑዙ ቢላህ! አጥንት ነው መሰለኝ።"

ዞሬ አጥሬን አየሁ።

"አይዞሽ፣ አልፏል። ቢስሚላህ ብዬ ከሥሩ በማጭድ አጨድኩልሽ። አንድም አላስቀረሁ።"

"ሲቲ" አልኳት። "ያ ጨርቅ የኔ ነጠላ ነው።"

ደረቷን መታች። "ውይ በሞትኩት! ከነጠላሽ ነው የቆረጡት? ይሄማ ቤትሽ የሚገባ ሰው ነው!"

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት!"

"አንቺ?" ወደ ኋላ ሸሸት አለች። "ብዙዬ፣ በራስሽ ላይ?"

"የሄሊና ነው! የዘር ከረጢት ነው! ፍሬው እንዳይበተን ያለበስነው ነው!"

በዚህ መሀል ሄሊና መጣች። ዘሩን የምታስቀምጥበትን ካርቶን በደረቷ አቅፋ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ የዛሬዋን ቀን ከመስከረም ጀምሮ ስትጠብቅ የቆየች ልጅ። አጥሩን አየች። ካርቶኑን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ተጨፈለቀ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሲቲ ሁሉንም ስትነግራት ሄሊና ጉልበቷን ይዛ ሰማች። "ሥሩም ተቆርጧል?" አለች።

"ከሥሩ" አለች ሲቲ በሹክሹክታ።

"ተቃጥሏል በቃ።"

"ማን አቃጠለው?" ሲቲ ተቆጣች። "መተት ይቃጠላል እንዴ? ጭሱ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚይዘው! መተት የሚሸኘው በወራጅ ውኃ ነው። በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ለጣሃ ሰጠሁት። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ወንዙ ውስጥ ጣልና ዞረህ ሳታይ ሂድ አልኩት።"

ሄሊና ሲቲን አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው። "መተት!" ትላለች፣ "እማ፣ መተተኛ አደረጉሽ! ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ምን ልል ነው? ናሙናው መተት ነው ተብሎ ወንዝ ገባ?" እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ሲቲ ብቻ አልሳቀችም፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "አንሣ! አንተ ልጅ አንሣ!" ትላለች። ጣሃ ሲነዳ ስልክ አያነሣም።

"ተነሡ" አለች ሲቲ ሱቋን እየዘጋች። "ውኃው ሳይወስደው እንደርሳለን። ካስፈለገ እኔ ወንዝ እገባለሁ።"

ሄሊና በስልኳ መኪና ጠራች። ድልድዩ ጋ ወርደን አየን፤ ውኃው ክረምቱ አልፎ ቀጥኗል፣ ፌስታል የሚባል ግን አንድም አይታይም። ተመልሰን ገብተን ወደ ላምበረት አልን። ከተማው ሁሉ በየማዕዘኑ ይጨሳል፤ መስኮቱን ብንዘጋም ያስለናል። እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ "ቅዱስ ሚካኤል፣ በዕለተ ቀንህ አታሳፍረኝ፤ የልጄን ዘር መልስልኝና ለዓመቱ ጥላ አገባልሃለሁ" እላለሁ። ሲቲ በጎኔ ዱዓዋን ይዛለች። ሾፌሩ በመስታወት አየን።

"እማማዎች፣ የጠፋባችሁ ምንድነው?"

"መተት" አለችው ሲቲ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ። ላምበረት እንዲያ በፍጥነት ደርሼ አላውቅም።

የጣሃ ታክሲ ተራ ይዛ ቆማለች፤ ሰው ሞልቷል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ጣሃ እኛን ሲያይ ደንግጦ ወረደ።

"እትዬ ብዙአየሁ፣ እንኳን አደረስዎ! እማ፣ ምን ሆናችሁ?"

"ጣልከው?" አለችው እናቱ።

"ቀስ በይ እማ፣ ሰው ይሰማል።"

"ጣልከው ወይ ነው የምልህ!"

ጣሃ ራሱን አከከ። "ልጥለው ነበር። ድልድዩ ላይ ስቆም ደንብ አስከባሪ ቆሟል። ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል። ምን ልበለው? ቆሻሻ አይደለም፣ መተት ነው ልበለው?"

ሄሊና ክንዱን ያዘችው። "የት ነው ያለው?"

"ሌላ ድልድይ እስካገኝ ብዬ…" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኋላ ወንበር ሥር።"

ኋላ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ኋላ ወንበር ሥር ምንድነው ያለው?"

ሲቲ ከደስታዋ ብዛት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ "አልሐምዱሊላህ! መተቱ አለ!" ብላ ጮኸች።

እንደዚያ ያለ አወራረድ አይቼ አላውቅም። ታክሲ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ለመጉደል ግን ዓይን መጨፈን አይፈጅም። ሰው በሰው ላይ ወረደ። አንዲት ልጅ ጫማዋን ጥላ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሸሸች። ወፍራሙ ሰውዬ በመስኮት ሊወጣ ሞክሮ ሆዱ ያዘውና "ሳቡኝ! ኧረ ሳቡኝ!" ይላል። ረዳቱ ራሱ ከአጥር ማዶ ነው ያለው።

ሄሊና ግን በሰዎቹ መሀል ሽቅብ ገብታ ከኋላው ወንበር ሥር በደረቷ ተጋደመች። እግሯ ብቻ ይታያል። ከዚያ ጥቁር ፌስታሉን ጎትታ አወጣች። ጠዋቱን ሙሉ የሰው እግር ሲረግጠው ውሏል። ስትፈታው ቅጠሉ ጠውልጓል፣ ግንዱ ተሰባብሯል፣ ከፍሬዎቹ አብዛኞቹ ተጨፍልቀው ፈንድተዋል።

"ፈንድተዋል" አልኩ።

"ከረጢቱ ውስጥ ነው የፈነዱት!" አለች ሄሊና። "እማ፣ ቋጠሮሽ አልተፈታም!"

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ የታክሲው ወንበር ላይ ዘረጋሁላት። ቀይ ክር ያለውን ከረጢት ለመፍታት ሞከረች፣ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላት። እኔ በጥርሴ በጠስኩት። የበጠስኩት ጊዜ ከውጭ "ቀመሰችው!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዘሮቹ ነጠላው ላይ ወጡ። ጥቁር፣ ትናንሽ፣ ከምስር ትንሽ የሚበልጡ። ሄሊና ከኪሷ ማጉያ መስታወቷን አውጥታ ዓይኗ ላይ አደረገች፣ አጎነበሰች። ሲቲ በሩ ላይ ቆማ ልብሴን ጨብጣኛለች፤ ጣሃ ከኋላዋ አንገቱን አስግጓል።

"እማ" አለች ሄሊና።

"ወዬ።"

"ጠጉር አለው።"

"ምኑ?"

"ዘሩ! ዙሪያውን ጠጉር አለው፣ ረጅም፣ ወርቃማ! ያችኛዋ መላጣ ናት! እማ፣ ያችኛዋ እኮ ዘሯ መላጣ ነው!"

መስታወቱን ሰጠችኝና አየሁ። እውነት ነው። እያንዳንዷ ዘር ዳር ዳሯን እንደ ጋቢ ዘርፍ ያለ የወርቅ ጠጉር ለብሳለች። ማን ያየዋል ብሎ ነው እንዲህ ያሳመረው? አፈር ውስጥ ለሚቀበር ነገር! እልልታዬ ሳላስበው ወጣ። ጠዋት በንግሥ የተዘጋው ጉሮሮዬ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ሲቲም ተቀበለችኝ።

ከውጭ የቆመው ሰው መጠጋት ጀመረ። "ምን አለች?" ይላል አንዱ። "መላጣ አይደለም አለች" ይለዋል ሌላው። ተራ አስከባሪው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ራሱ መላጣ ነው፣ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለን። ወፍራሙ ሰውዬ ከመስኮቱ ተላቆ መጥቶ "አሁን ይሄ ጠጉራም መተት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"መተት አይደለም!" አለች ሄሊና። ታክሲው ደረጃ ላይ ወጥታ፣ ፀጉሯ ላይ የታክሲ አቧራ፣ ለተሰበሰበው ሰው ስለ ሐረጊቱ አስተማረች። ግንዷ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ እንቡጧ እንዴት እንደሚፈታ፣ ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ ስም እንዳልወጣላት። "ቅጠሏ ከሥሩ…" አለችና እኔን አየችኝ፣ "እንደ ጥጃ ጆሮ ነው።" ሰዉ ሁሉ "አሃ!" አለ። ገባው።

ቢሆንም ታክሲው ውስጥ ተመልሶ የሚገባ ጠፋ። ጣሃ "ተሳፈሩ፣ ሳይንስ ነው!" ቢል ማን ሰምቶት። በመጨረሻ ሲቲ ራሷ ገባች፣ የኋላው ወንበር መሀል ላይ ተቀመጠች፣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ "ይኸው! እኔ የሐይቋ ሲቲ ይዤዋለሁ፤ የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይያዝ" አለች። ሰዉ አንድ በአንድ ገባ። ባለ አንድ እግር ጫማዋ ልጅ ሲቲ አጠገብ ተቀምጣ "እትዬ፣ አንዷን ዘር ማየት ይቻላል?" አለቻት።

ያ ሁሉ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሄሊና ስለ ሐረጊቱ ጽፋ አሳትማለች። ጽሑፉ ውስጥ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም የሚሞላበት ቦታ ነበር። ነገራ "ሂዳ በይው" አለ፤ ያ ግን የሐረግ ሁሉ ስም ነው። የላምበረት ታክሲዎች በሙሉ ደግሞ "የሲቲ መተት" ነው የሚሏት። ሄሊና ሰው የሚላትን ነው መጻፍ ያለብኝ ብላ እንዳለ ጻፈችው። ሲቲ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችን፤ ከዚያ ጽሑፉን በወረቀት አስወጥታ ሱቋ ውስጥ፣ ከስኳሩ በላይ ለጠፈችው።

ዘሩ ዩኒቨርሲቲም ተቀምጧል፣ በኔም በሲቲም አጥር ተተክሏል። ዘንድሮ መስከረም የመጀመሪያዋ አበባ የተከፈተችው በሲቲ በኩል ነው። እሷ ሱብሂ ሰግዳ ስትወጣ፣ እኔ ለኪዳን ስወጣ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። "ብዙዬ! ነይ፣ እየዞረች ነው!" ብላ ጠራችኝ። ሁለታችንም ከነሽፋናችን ቆመን ነጯ ጥሩንባ ተፈታ እስክታልቅ አየናት። ኪዳኑ ላይ ትንሽ አረፈድኩ፤ ሚካኤል ያውቀኛል። ጥላውም ተሰፍቶ አልቋል፣ ኅዳርን ነው የሚጠብቀው።

አሁን ፍሬዎቹ ከረጢት ለብሰዋል። ዘንድሮ የቋጠረቻቸው ሲቲ ናት፤ ክሩንም ራሷ መርጣ አረንጓዴ አደረገችው። ጣሃ ደግሞ ሰው ተሳስቶ እንዳይነቅላት ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ አጥሩ ላይ ሰቀለልን፦ "መተት አይደለም።"

ከዚያ በፊት አጥራችንን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። አሁን መንገደኛው ሁሉ ይቆማል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ከረጢቶቹን ያያል፣ ከዚያ ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ በማዶ በኩል ያልፋል። አንዲት ፍሬ የነካ የለም።